አዲስ ኤስዩቪ ለመጀመሪያ ጊዜ በበረዶ ላይ ሲነዳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ኤስዩቪ ይዘው የመጀመሪያውን በረዶ የሚጠብቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን፣ ከቀላሉ ጀምረን እነሆ።

አራቱም ጎማ የሚጎትት ኤስዩቪ ነው የገዛሁት። ታዲያ በረዶ ምን ያሳስበኛል?

አራቱም ጎማ መጎተቱ የሚጠቅመው ለመነሳት ነው። በረዶ ላይ ከቆሙበት ሲነሱ ወይም ዳገት ሲወጡ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የሞተሩ ጉልበት ለአራት ስለሚከፋፈል አንዱ ጎማ ቢንሸራተት ሌላው ይገፋል።

ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። ትንሹም ትልቁም መኪና ፍሬኑ የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። ስለዚህ ፍሬን ሲይዙ ኤስዩቪው ከትንሽ የቤት መኪና የሚበልጥበት ነገር የለም። ኩርባ ላይም እንደዚያው። እንዲያውም ከባድ ነው፤ ቁመቱም ረጅም ስለሆነ በጎኑ ተንሸራቶ ከመንገድ ጠርዝ ጋር ቢጋጭ የመገልበጥ ዕድሉ ከአጭር መኪና ይበልጣል።

አደጋው የሚመጣው ከዚሁ ነው። መኪናው ያለ ችግር ስለተነሳ መንገዱ ደህና ይመስላል። ነጂው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው ፍሬን ሲይዝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፍጥነቱ ጨምሯል። ከዚህ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይበቃኛል።

አብሮት የመጣው ጎማ ገና አዲስ ነው። የበረዶ ጎማ የግድ ነው?

ቁም ነገሩ አዲስ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ላስቲኩ ላይ ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል፣ መንገድ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ደግሞ በረዶውን ይነክሳሉ። ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሸጠው ኦል ሲዝን ጎማ በሁለቱ መካከል ነው። ቀለል ያለ በረዶ ላይ ይሠራል፤ ብርዱ ሲበረታና መንገዱ ግግር በረዶ ሲሆን ግን ይሸነፋል።

የጎማውን ጎን ይመልከቱ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ከተሳለበት፣ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለበት ግን ጥርሱ ለጭቃና ለበረዶ የሚሆን ቅርጽ አለው ማለት ነው እንጂ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ጥርሱ ሲያልቅም ጥቅሙ አብሮ ያልቃል። የብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለበረዶ ግን 4 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ መቀየር ይሻላል።

በረዶ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጥልበት ቦታ የሚኖሩ ከሆነ፣ ያ የተራራ ምልክት ያለው ኦል ሲዝን ሊበቃዎት ይችላል። ወራቱን ሙሉ በረዶ ላይ የሚነዱ ከሆነ ግን ለሌላ ጌጥ ያሰቡትን ገንዘብ ጎማ ላይ ያውሉት። ጥሩ የበረዶ ጎማ ያላት ትንሽ መኪና የበጋ ጎማ ካደረገ ኤስዩቪ ቀድማ ትቆማለች።

ሁለቱን ብቻ ብቀይርስ?

አይሆንም። ፊት ላይ ብቻ ከቀየሩ ኩርባ ላይ ፊቱ ሲይዝ ኋላው ይሸሻል፤ መኪናው ይሽከረከራል። ኋላ ላይ ብቻ ከቀየሩ ደግሞ መሪ ሲያዞሩ ፊቱ አልታዘዝ ይላል። በዚያ ላይ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የአራቱም መጠንና ጥርስ ተመሳሳይ እንዲሆን ይፈልጋል። ካልሆነ ዲፈረንሻሉ (ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል) እና ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ይጨናነቃሉ።

ቸርኬው ትልቅ ነው፣ 20 ኢንች። ችግር አለው?

ትልቅ ቸርኬ ላይ የሚገባው ጎማ ብዙ ጊዜ ሰፊና ጎኑ አጭር ነው። ሰፊ ጎማ በረዶው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠበብ ያለው በረዶውን ሰንጥቆ ወደ መንገዱ ይወርዳል። በረዶ ስር የተደበቀ ጉድጓድ ሲያገኝም ጎነ አጭሩ ቶሎ ይጎዳል።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተፈቀዱትን ሌሎች መጠኖች ይዘረዝራል። ፍሬኑ ላይ ሳይነካ የሚገባ አነስ ያለ ቸርኬ ካለ፣ የበረዶ ጎማውን በእሱ ላይ አስገጥሞ ማስቀመጥ በየወቅቱ ጎማ ከማስወለቅ ይገላግላል።

በብርዳማ ጠዋት የጎማ ንፋስ መብራት ይበራል። ተበስቷል ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲቀንስ ጎማው በግምት 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያጣል። 18 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ የተነፋ ጎማ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ውጭ ቢያድር 6 ፒኤስአይ ያህል ይወርድበታል።

ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለትም ከመንዳትዎ በፊት፣ በዚያ ቁጥር ያስነፉት። ከነፉት በኋላ አንዱ ጎማ ብቻውን ደጋግሞ ከወረደ ያኔ ጎሚስታ ጋ ይሂዱ። ንፋስ መቀነስ በረዶ ላይ ያስይዛል የሚሉትን አይስሙ፤ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ጉዳቱ ያመዝናል።

የፊት መስታወቱን ብቻ ጠርጌ ብነሳ ምን አለበት?

ጣሪያው ላይ የቀረው በረዶ ይመጣብዎታል። የመኪናው ውስጥ ሲሞቅ ከስሩ ይለቃል፤ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ሙሉው ክምር የፊት መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ ምንም አያዩም። ፈጣን መንገድ ላይ ከሆነ እንደ ሰሌዳ ተነስቶ ከኋላ የሚመጣው ሰው ላይ ያርፋል። ኤስዩቪ ረጅም ስለሆነ ብዙዎች ጣሪያውን ይተዉታል። እባክዎ አይተዉት። እጀታው የሚረዝም መጥረጊያ ይያዙ።

የአዳዲስ መኪኖች የፊት መብራት አብዛኛው ኤልኢዲ ነው። እንደ ድሮው አምፖል ፊቱ ስለማይሞቅ የተጋገረበትን በረዶ አያቀልጥም። ስለዚህ መብራቶቹን በእጅ መጥረግ አለብዎ፤ ረጅም መንገድ ከሆነም መሀል ላይ ቆም ብለው ይድገሙት። የኋላ ካሜራውንና ከፊት ያለውን ራዳርም አይርሱ።

የፈላ ውሃ መስታወት ላይ አያፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዋይፐሩን ከማስነሳትዎ በፊት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ እንደሆነ ይዩ፣ አለበለዚያ የዋይፐሩ ሞተር ሊቃጠል ይችላል። መስታወት ማጠቢያው ዕቃ ውስጥ ያለውም ተራ ውሃ ከሆነ በረዶ ይሆናል፤ ለብርድ የተዘጋጀውን ይሙሉ።

ሞተሩን ለስንት ደቂቃ ላሙቀው?

ለዘመናዊ ሞተር አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ከዚያ በቀስታ መንዳት ራሱ ከመቆም ይልቅ ቶሎ ያሞቀዋል። ረዘም አድርገው የሚያሞቁት መስታወቱ እስኪጠራ ነው፤ ያ ተገቢ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም አይሁን። በሩ ክፍት ቢሆንም አይሁን። ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሳያውቁት ይገድላል። ከሩቅ በቁልፍ ወይም በስልክ የሚነሳ መኪና ካለዎት ደግሞ ቆሞ ያለው የት እንደሆነ ሳያረጋግጡ ቁልፉን አይንኩ።

መስታወቱ ከውስጥ በጉም ይሸፈናል። ምን ላድርግ?

አየሩ ከውጭ እንዲገባ ያድርጉ፣ ማለትም የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ያጥፉ። ሙቀቱንም ኤሲውንም አብረው ያብሩ። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ በብርድ ጊዜም ሥራ አለው። ከመግባትዎ በፊት ጫማዎ ላይ ያለውን በረዶ ያራግፉ፤ የእርጥበቱ አንዱ ምንጭ እሱ ነው።

መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አዲሱን መኪና ይጎዳዋል?

ይጎዳል፣ በተለይ ከስር። በረዶው ባለበት ወራት ከስሩ በውሃ የሚያጥብ ቦታ በየጊዜው ይውሰዱት። አዲስ ስለሆነ ምንም አይነካውም ብሎ መተው ዝገቱን ማስጀመር ነው።

ከፊቴ ካለው መኪና ምን ያህል ልራቅ?

ቁጥሩን ያዩ ሰዎች ይደነግጣሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን ከረገጡበት ጀምሮ በግምት 14 ሜትር ውስጥ ይቆማሉ። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 50 ሜትር ይሆናል። ግግር በረዶ ላይ ደግሞ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። አይተው እግርዎ ፍሬን ላይ እስኪደርስ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ እሱ ብቻውን ሌላ 14 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

መንገድ ላይ ሜትር መለካት ስለማይቻል በሰከንድ ይቁጠሩ። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩ፣ እርስዎ እዚያው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ያቁሙ። ደረቅ መንገድ ላይ 3 ሰከንድ ከበቃ፣ በረዶ ላይ ከ8 እስከ 10 ያድርጉት። ሌላ መኪና መሀል ቢገባብዎ አይናደዱ። እንደገና ወደኋላ ይበሉና ቦታ ይፍጠሩ።

ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬ ስር ይንቀጠቀጣል። ተበላሽቶ ነው?

ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዳይንሸራተት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ፍሬኑን ይለቃል፣ ይይዛል። በዚህ ጊዜ እግር ማንሳት አይገባም። አጥብቀው ይርገጡ፣ ይዘው ይቆዩ፣ በመሪውም ወደ ባዶው ቦታ ያምሩ። በድሮ መኪና የተማሩ ሰዎች ፍሬኑን መታ መታ ማድረግ ለምደዋል። ኤቢኤስ ባለው መኪና ያ የመቆሚያውን ርቀት ያስረዝማል።

ኤቢኤስ ዋናው ጥቅሙ እየቆሙም መሪው እንዲታዘዝልዎ ነው። ገና በወረደ ጥልቅ በረዶ ላይ ግን መቆሚያው ሊረዝም ይችላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና በሞላበት መንገድ ላይ አይወቁት። በረዶ እንደጣለ ምሰሶ የሌለበት ባዶ መኪና ማቆሚያ ይፈልጉ። ባለቤቱ የሚፈቅድ ከሆነ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሄደው ፍሬኑን በኃይል ይርገጡ። ድምፁንና ንቅናቄውን እግርዎ ከለመደው በቁርጡ ሰዓት አይደናገጥም።

የበረዶ ምልክት ያለበትን ቁልፍ መቼ ነው የምጫነው? የምትንሸራተት መኪና ምስልስ ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?

የበረዶው ቁልፍ ነዳጅ ሲረግጡ መኪናው ረጋ ብሎ እንዲመልስ ያደርጋል። አንዳንዱ መኪና ከሁለተኛ ማርሽ ይነሳል። መንገዱ ነጭ ሲሆን ይጫኑት፤ ጉዳት የለውም። የጎማውን የመያዝ አቅም ግን አይጨምርም።

የምትንሸራተተው መኪና ምስል ብልጭ ድርግም ካለ፣ ጎማ ሊያመልጥ ሲል ኮምፒውተሩ እየያዘው ነው። ማስጠንቀቂያ አድርገው ይውሰዱትና ፍጥነት ይቀንሱ። ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ግን ወይ በቁልፍ ተዘግቷል፣ ወይ ብልሽት አለ።

ፎር ዊሉን በእጅ የሚያስገቡበት መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ውስጥ ሆነው መነዳት የለባቸውም። ኩርባ ላይ ጎማዎቹ የተለያየ ርቀት ስለሚሄዱ የኃይል ማስተላለፊያው ይታነቃል። በረዶው ሲያልቅ ያውጡት።

የጎማ ሰንሰለት ልግዛ?

መጀመሪያ መመሪያ መጽሐፉን ያንብቡ። አንዳንድ አዳዲስ ኤስዩቪዎች በጎማውና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ሰንሰለት አይፈቅዱም፤ ወይም ቀጭኑን ብቻ ይፈቅዳሉ። የትኛው ጎማ ላይ እንደሚታሰርም እዚያው ተጽፏል። ሰንሰለት ታስሮ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ አስፋልቱ ሲገለጥም ይፈታል። ቤት በር ላይ ሆነው አስረው ይፍቱት፤ በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ከባድ ነው።

መንገዱ እርጥብ ብቻ ነው የሚመስለው። በረዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቀጭን ግግር በረዶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስሩ ያለው አስፋልት ስለሚታይ እርጥብ መንገድ ይመስላል። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከሁሉም በላይ ያንሸራትታል፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለ። ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይበርዳል። ጥላ የማይለየው ኩርባና ፀሐይ ያልወጣበት ማለዳም እንዲሁ ናቸው።

ከፊት ካለው መኪና ጎማ ውሃ ሲረጭ ካዩ መንገዱ ገና ውሃ ነው። እርጥብ መስሎ ግን ምንም የማይረጭ ከሆነ ይጠንቀቁ። የጎማው ድምፅ በድንገት ዝም ሲል፣ መሪውም ሲቀልልዎ ያው ምልክት ነው። ያኔ ፍሬን አይርገጡ፣ መሪም አይጠምዝዙ፤ እግርዎን ከነዳጅ ቀስ አድርገው አንስተው ቀጥ ብለው ይለፉ። ጨው ተበትኗል ብለውም አይዘናጉ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተራ ጨው ጉልበት ያጣል።

ክሩዝ ኮንትሮልና ራሱ ፍሬን የሚይዘው ነገር በረዶ ላይ ይሠራል?

ክሩዝ ኮንትሮሉን ያጥፉት። ፍጥነቱን ለመጠበቅ ነዳጅ የሚሰጠው ልክ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ሊሆን ይችላል።

አደጋ ሲያይ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ደግሞ በካሜራና በራዳር ነው የሚያየው። በረዶ ከሸፈናቸው ይዘጋል፤ መስመሩ ከተሸፈነም መስመር ጠባቂው አያይም። ቢያይ እንኳ ፍሬኑ የሚይዘው በዚያው በሚያንሸራትተው መንገድ ላይ ነው።

መኪናው ከተንሸራተተ መሪውን ወዴት ላዙር?

የትኛው ጫፍ እንደሸሸ ይለያል። መሪ አዙረው መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ ፊቱ ነው ያመለጠው። ሰው በደመ ነፍስ አብዝቶ ያዞራል፤ አይረዳም። እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን ትንሽ ወደ መሀል ይመልሱ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጎማው ይይዛል፣ ያኔ እንደገና ያዙሩ።

ኋላው ወደ ጎን ከሸሸ ደግሞ ነዳጁን ይልቀቁ፤ መሄድ ወደሚፈልጉበት ይመልከቱ፤ መሪውንም ወደዚያው ያዙሩ። ዓይንዎ ምሰሶው ላይ ከተተከለ እጅዎ ወደ ምሰሶው ይሄዳል። መኪናው መስተካከል ሲጀምር መሪውንም አብረው ይመልሱ፤ አለበለዚያ በሌላው በኩል ይወረወራል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ሥርዓት መንገድ ላይ አያጥፉት፤ ከማናችንም እግር ይልቅ ፈጣን ነው፣ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው ይይዛል።

ቁልቁለቱ ግግር ሆኗል። እንዴት ልውረድ?

ካልተገደዱ አይውረዱ፤ ዞር ብሎ መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የግድ ከሆነ አፋፉ ላይ ከሰው እርምጃ እስኪስተካከል ያዝግሙ። ከፊት ያለው መኪና እስከ ታች ወርዶ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ማርሹን ዝቅ ያድርጉ፣ ወይም ቁልቁለት መውረጃውን ቁልፍ ይጫኑ። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ፍጥነት ለመቀነስ መሞከር ዘግይቷል።

ዳገት ከሆነ ጉልበቱን ከታች ይዘው ይጀምሩ፣ መሀል ላይ አይቁሙ። ካቃተው ለመዞር አይሞክሩ፤ ጎኑን ለቁልቁለቱ ከሰጠ ይሄዳል። በኋላ ማርሽ፣ ቀጥ ብለው፣ በቀስታ ይመለሱ።

ጎማው ባዶውን እየተሽከረከረ አልነሳም አለ። ነዳጅ ልጨምር?

አይጨምሩ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ስሩ ያለውን በረዶ አቅልጦ ግግር ያደርገዋል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን በአካፋ ይጥረጉ፤ የመኪናው ሆድ በረዶ ላይ ተቀምጦ እንደሆነም ይዩ። አሸዋ ካለዎት ይበትኑ። ከዚያ በጣም በቀስታ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ያመላልሱት።

የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያውን ለጊዜው ማጥፋት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ጉልበቱን ሲቆርጥ መኪናው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሲወጡ መልሰው ያብሩት።

ኤሌክትሪክ ከሆነስ?

በብርድ ባትሪው አጭር ርቀት ነው የሚሄደው፣ ማሞቂያውም ከዚያው ይበላል። ገመዱ እንደተሰካ የመኪናውን ውስጥና ባትሪውን ያሙቁ። የመቀመጫ ማሞቂያ አየሩን ከማሞቅ ያነሰ ኃይል ይወስዳል። እግር ሲያነሱ ራሱ የሚይዘውን ፍሬን ደግሞ ዝቅ ያድርጉት፤ ግግር በረዶ ላይ በኃይል ከያዘ ጎማውን ሊያንሸራትት ይችላል።

መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ማደር ቢመጣስ?

ከመኪናው አይራቁ። በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ጥቂት እርምጃ ሄዶ መንገድ መሳት ይቻላል፤ መኪናው ደግሞ ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ወርደው የጭስ ማውጫውን ይጥረጉ። በረዶ ከደፈነው ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ይህ ሰው ገድሏል። በሰዓት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያስነሱ። ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮቱን በጣት ያህል ይክፈቱ። በረዶው እየወረደ ከሆነ ማውጫውን በየጊዜው እየወረዱ ይዩ።

ለዚህ ቀን ሲባል ኋላው ላይ ብርድ ልብስ፣ ጓንት፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ የሚጠጣ ውሃና የሚበላ ደረቅ ነገር ያስቀምጡ። ታንኩም ከግማሽ በታች አይውረድ። ስልክዎን ሞልተው ይውጡ፤ በየት መንገድ እንደሚሄዱና መቼ እንደሚደርሱም ለአንድ ሰው ይንገሩ።